የተጎዳ ሌንስ፦ ይጠገን፣ ይቀየር ወይስ እንዳለ ይሥራ?

ካሜራ ከእጅ ሲያመልጥ ብዙ ጊዜ ቀድሞ መሬት የሚመታው ሌንሱ ነው፤ ክብደቱ ወደፊት ያመዝናልና። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ራሱን የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ላስጠግነው ወይስ ሌላ ልግዛ? ሦስተኛው ምርጫ አይታወሰውም። ጉዳቱ ፎቶ ላይ እስካልታየ ድረስ ምንም ሳያወጡ በዚያው ሌንስ መሥራት ይቻላል። በተለይ ከፊት መስታወቱ ጭረት የተነሳ ደህና ሌንስ በርካሽ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው። ስለዚህ ኪስዎን ከመክፈትዎ በፊት በቅደም ተከተል የሚያደርጉት ነገር አለ።

መጀመሪያ እጅዎን ይሰብስቡ

ሌንሱ ከወደቀ ወይም ውኃ ከነካው ካሜራውን ያጥፉና ባትሪውን ያውጡ። «እስቲ ይሠራ እንደሆነ» ብሎ ዙሙን ማዞርና አውቶፎከሱን መሞከር ትንሹን ጉዳት ያሰፋዋል። ውስጥ የተጣመመ መንሸራተቻ ወይም የተነቀለች ብሎን ካለች፣ በኃይል ባዞሩ ቁጥር ደህናውን ክፍል እየጎዳች ትሄዳለች።

ሌንሱ ፊት ላይ የተሰባበረ መስታወት ሲያዩ አይደንግጡ። ፊልተር ተገጥሞ ከነበረ አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረው ፊልተሩ ብቻ ነው። ሌንሱን ፊቱን ወደ ታች አዘቅዝቀው ስብርባሪውን በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ ያራግፉ። በጨርቅ ከጠረጉት ግን ፊልተሩ ያዳነውን መስታወት በፊልተሩ ስብርባሪ ይጭሩታል። የፊልተሩ ቀለበት ተጣሞ አልፈታ ካለ በፒንሳ አይታገሉት፤ ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ ያለው ጠጋኝ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጅበት።

የውኃው ነገር እንደ ውኃው ዓይነት ይለያያል። በጥምቀት ጃንሜዳ ውስጥ ጠበል ሲረጭ ፎቶግራፈሩም አብሮ መረጨቱ አይቀርም። እንዲህ ያለው ውኃ ጨው ስለሌለበት ፈጥነው ካደረቁት ሌንሱ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ውጩን በደረቅ ጨርቅ ያብሱ፣ ሌንሱን ከካሜራው ይንቀሉ፣ ክዳኖቹን ሳይገጥሙ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች (አዲስ ጫማና ቦርሳ ውስጥ የሚገኙት ሲሊካ ጄል) ባሉበት የሚታሸግ ሳጥን ውስጥ ለጥቂት ቀናት ያስቀምጡት። ሩዝ ውስጥ መቅበር የሚለውን ምክር ይተዉት፤ ዱቄቱ በየክፍተቱ ይገባል። የፀጉር ማድረቂያም አይጠቀሙ፤ ሙቀቱ ውስጥ ያለውን ቅባት አቅልጦ አፐርቸሩ ላይ ያፈሰዋል። የባሕር ውኃ ወይም የአፋር ጨዋማ ውኃ ከነካው ግን ቀን መቁጠር አያዋጣም። ጨው የኤሌክትሪክ መስመሮቹን መብላት የሚጀምረው ወዲያው ስለሆነ በዚያው ቀን ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት፤ ሌንሱ ርካሽ ከሆነም ከአሁኑ ይሰናበቱት።

አንድ ነገር ላክል። ሌንሱን ወደ ጆሮ አስጠግቶ ቀስ ብሎ ነቅነቅ በማድረግ የተነቀለ ዕቃ መኖሩን መስማት ይቻላል። ነገር ግን የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክሱ ሌንሶች ኃይል ሳይኖራቸው ውስጣቸው ኳ ኳ ማለቱ የተለመደ ነው። በዚህ ድምፅ ብቻ ሌንሴ ተሰበረ ብለው ለጥገና ገንዘብ እንዳይከፍሉ።

በመብራት ይመርምሩት

ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ትንሽ የእጅ ባትሪ ይያዙና ከሌንሱ ኋላ በኩል ወደ ጎን አዘንብለው ያብሩበት፤ እርስዎ ከፊት በኩል ይመልከቱ። ከዚያም አቅጣጫውን ይለውጡ። የካኖን ኢኤፍ ሌንሶች ከካሜራው ሲነቀሉ አፐርቸራቸው ክፍት ሆኖ ይቀራል። የኒኮን ኤፍ ሌንሶች አብዛኞቹ ደግሞ ይዘጋሉ፤ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ማንሻ በጣትዎ ገፋ ካላደረጉ ውስጡ አይታይዎትም።

በዚህ መብራት ሥር አዲስ ሌንስ እንኳ ቆሻሻ ይመስላል። የተበታተኑ የአቧራ ነጥቦች ካዩ ይለፏቸው፤ ፎቶ ላይ አይወጡም። ልብ ሊሉት የሚገባው ከጠርዝ ተነስቶ ወደ መሐል የሚዘልቅ የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ነው፤ እሱ ሻጋታ ነው። መስታወቱን በእኩል የሸፈነ ጉም የመሰለ ነገር ካለ ከቅባት ትነት ወይም ከእርጥበት የመጣ ነው። ጠርዝ አካባቢ እንደ ቀስተ ደመና የሚያንጸባርቅ እድፍ ካዩ ደግሞ የተጣበቁ ሁለት መስታወቶች ሙጫቸው እየለቀቀ ነው ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው በቆዩ ሌንሶች ላይ ይበዛል፤ አስፈትቶ እንደገና ማጣበቅም ከሌንሱ ዋጋ ስለሚበልጥ እዚያው ላይ ውሳኔው ያልቃል።

ፎቶው ይናገር

አሁን ካሜራውን ትሪፖድ ላይ ያቁሙ። ከተቻለ የጡብ ግድግዳ፣ ካልተቻለ ግድግዳ ላይ በደንብ ተወጥሮ የተለጠፈ ጋዜጣ ፊት ለፊት ቀጥ አድርገው ያነጣጥሩ። አንድ ጊዜ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ አንድ ጊዜ ኤፍ 8 ላይ ያንሱ። ኮምፒውተር ላይ አራቱን ማዕዘን አጉልተው ያነጻጽሩ።

አንዱ ጎን ጥርት ብሎ ሌላው ከደበዘዘ ውስጥ ያለ መስታወት ከቦታው ተናግቷል ብለው ይጠርጥሩ። ነገር ግን ካሜራው ከግድግዳው ጋር በትክክል አልተጋጠመም ይሆናል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ካሜራውን ገልብጠው ያንሱ። ድብዘዛው በፎቶው ያው ጎን ላይ ከቀረ ጥፋቱ የሌንሱ ነው፤ ግድግዳውን ተከትሎ ወደ ሌላው ጎን ከዞረ አቀማመጡ ነው። ይህን ፈተና ያገለገለ ሌንስ ሲገዙም ሻጩ ፊት ያድርጉት። ሻጩ ቅር ካለው ያ ራሱ መልስ ነው።

ቀጥሎ ወደ ሰማይ ኤፍ 16 ላይ አንድ ያንሱ። ጥቋቁር ነጥቦች ከታዩ ሌላ ሌንስ ገጥመው ይድገሙት። ነጥቦቹ እዚያው ካሉ ቆሻሻው ያለው ሴንሰሩ ላይ ነው፤ ሌንሱን በከንቱ እየወቀሱት ነበር። በመጨረሻም ፀሐይን ወይም ጠንካራ መብራትን ከፍሬሙ ጥግ አስገብተው ያንሱ። የጭረትና የሻጋታ ጉዳት በግልጽ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ፎቶው ነጣ ነጣ ይላል፣ ጥቁሩ ጥቁር መሆኑ ይቀራል።

የጉዳቱ ዓይነትና ፍርዱ

የፊት መስታወት ጭረት ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጥ፣ ግን ከሁሉ ያነሰ ጉዳት ያለው ነው። የፊቱ መስታወት ለምስሉ ከፎከስ ውጭ ስለሆነ ትንሽ ጭረት ፎቶው ላይ መስመር ሆና አትታይም፤ ብርሃኑን በጥቂቱ ትበትነዋለች እንጂ። ጥልቅና ነጭ የሆነ ጭረት ከሆነ የድሮ ፎቶግራፈሮች ጥቁር ቀለም ይሞሉበት ነበር፤ ጥቁሩ ብርሃኑን ስለሚውጠው መበተኑ ይቀራል። ዛሬም ይሠራል። በጣም ሰፊ በሆኑ ሌንሶች፣ በተለይም አፐርቸሩ ሲጠብ፣ ጭረቱ ጥላ ሊጥል ይችላል፤ ለፖርትሬትና ለሠርግ የሚውል ረዥም ሌንስ ላይ ግን የፊት መስታወት ማስቀየር በአብዛኛው ገንዘብ መጣል ነው። የኋላው መስታወት ነገሩ ሌላ ነው። ለሴንሰሩ ቅርብ ስለሆነ እዚያ ያለች ትንሽ ጭረት በግልጽ ትታያለች። እሱ ከተጫረ ወይ መስታወቱ ይቀየራል፣ ወይ ሌንሱ።

ኤሌክትሮኒክስ ቀጥሎ ይመጣል። ካኖን ካሜራ ላይ «ኤረር 01» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ ካሜራውና ሌንሱ መነጋገር አልቻሉም ማለት ነው። መጀመሪያ የወርቅ ቀለም ያላቸውን መገናኛ ነጥቦች በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ያጽዱ፤ አንዳንዴ እዚያው ላይ ያበቃል። ካላበቃ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ከፍተው ያንሱ፣ ከዚያ ኤፍ 8 ላይ ያንሱ። ክፍት ሲሆን ሠርቶ ሲጠብ ብቻ ኤረር ካሳየ ጥፋቱ አፐርቸሩ ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ስስ ተጣጣፊ ገመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የካኖን 24-105 ሚሊሜትር ኤፍ 4 ሌንስ በዚህ ችግር የታወቀ ነው፤ ዙሙ በተዞረ ቁጥር የሚታጠፈው ገመድ ከዓመታት በኋላ ይበጠሳል። ገመዷ ራሷ ርካሽ ናት፤ የሚከፈለው ለእጅ ሥራው ነው። እንዲህ ያለው ሌንስ ቢጠገን የሚያዋጣ ይመስለኛል። የዚያው ዓይነት ብልሽት 18-55 ኪት ሌንስ ላይ ሲደርስ ግን ጠጋኝ ጋ መሄጃው ታክሲ እንኳ ያስቆጫል።

አውቶፎከስ ሲሞት መጀመሪያ ሌንሱ የትኛው ትውልድ እንደሆነ ይጠይቁ። በቆዩት ሌንሶች የፎከሱ ቀለበት ከውስጥ ማርሽ ጋር በቀጥታ ስለሚያያዝ ሞተሩ ቢሞትም በእጅ ማተኮር ይቻላል፤ ቪዲዮ ለሚቀርጽ ወይም መልክዓ ምድር ለሚያነሳ ሰው ሌንሱ ዕድሜ ይቀረዋል። ብዙዎቹ የአሁን ሌንሶች፣ የሚረርለስ ካሜራ ሌንሶች ይበልጡኑ፣ በእጅ ሲዞሩም የሚሠሩት በሞተሩ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሲሞት ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። መገጠሚያው ቀለበት ሲጣመም ወይም ብሎኖቹ ሲነቀሉ ደግሞ ብረት ከሆነ መቀየሩ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የካኖን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሁለተኛ ሥሪት መገጠሚያው ሳይቀር ፕላስቲክ ስለነበር ሲወድቅ ለሁለት መከፈሉ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተካው ሥሪት መገጠሚያው ብረት ሲሆን ሲወጣ ዋጋው 125 ዶላር ገደማ ነበር። በዚህ ዋጋ ክልል ያለ ሌንስ ለሁለት ሲከፈል ጥገናን አያስቡ።

ከቦታው የተናጋ መስታወት ላይ የእኔ ምክር ጥብቅ ነው። ፋብሪካው መስታወቶቹን ያስተካከለው በመለኪያ ማሽን ነው፤ ያ ማሽን የሌለው ጠጋኝ፣ የቱንም ያህል እጁ የተባረከ ቢሆን፣ በግምት ነው የሚሠራው። ሌንሱ ውድ ከሆነ ማሽኑ ወዳለበት የአምራቹ የጥገና ማዕከል ይላኩት። ካልሆነ እንደ ጉድለቱ ይጠቀሙበት፤ መሐሉ ጥሩ ከሆነና የሚያነሱት ሰው ከሆነ ጠርዙን የሚያይልዎት የለም።

ሻጋታ ሰፋ ያለ ቃል ይገባዋል፤ ክረምት ያለበት አገር ነውና የምንኖረው። የሻጋታው ዘር በየአየሩ አለ፤ የሚያበቅለው እርጥበት ነው። የአየሩ እርጥበት 70 በመቶ አካባቢ ደርሶ ቀናት ከቆየ ሌንስ ውስጥ ለመብቀል ይመቸዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም በቁም ሳጥን የተዘጋ የካሜራ ቦርሳ፣ በተለይ ባሕር ዳርና ጅማ፣ የሻጋታ ማሳደጊያ ነው። ጥቂት ክሮች ጠርዝ ላይ ብቻ ካሉ ፎቶው ላይ ምንም አይታይም፤ ቢሆንም ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ያን ጊዜ ማስጸዳቱ ይሻላል። ሻጋታው እያደገ ሲሄድ የሚለቀው አሲድ የመስታወቱን ሽፋን ይበላዋል። አንዴ ከተበላ በኋላ ጠጋኙ ክሩን ቢጠርገው እንኳ አሻራው እንደተቀረጸ ይቀራል፤ ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት «ክሩ ይነሳል፣ ሽፋኑስ?» ብለው ይጠይቁ። ያጸዱትን ሌንስ እዚያው ቦርሳ ውስጥ መመለስ ደግሞ ገንዘቡን ዳግም ማቃጠል ነው። የሚታሸግ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ሲሊካ ጄልና አንዲት ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ይግዙ፤ ከ40 እስከ 50 በመቶ ባለው መካከል ያቆዩት።

ሒሳቡ

ብዙ ሰው የጥገናውን ዋጋ የሚያነጻጽረው ሌንሱን ሲገዛ ካወጣው ገንዘብ ጋር ነው። ያ ገንዘብ ሄዷል፤ ለዛሬ ውሳኔ አይጠቅምም። ማወቅ ያለብዎት ሦስት ቁጥሮች ናቸው። ይኸው ሌንስ ያገለገለ ግን ደህና ሆኖ ዛሬ ስንት ይሸጣል? እንደተበላሸ ቢሸጡት ስንት ያወጣል? ጥገናውስ? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የቴሌግራም የካሜራ መሸጫ ቻናሎችን ጥቂት ቀን በመከታተል ያገኙታል፤ ሻጭ የጠራውን ሳይሆን የተሸጠበትን ዋጋ ይጠይቁ።

ለምሳሌ ደህናው 40,000 ብር፣ የተበላሸው 10,000 ብር የሚያወጣ ይሁን። ጥገናው የሚጨምርልዎት ዋጋ 30,000 ብር ነው። ጠጋኙ 15,000 ከጠየቀ ያስጠግኑ። 28,000 ከጠየቀ በ2,000 ብር ትርፍ ብዙ ሥጋት እየገዙ ነው፤ የተጠገነ ሌንስ ያው ብልሽት ሊመለስበት፣ ሲከፈትም ሌላ ጉድ ሊወጣ ይችላልና። የጥገናው ወጪ ከሚጨምረው ዋጋ ግማሽ አካባቢ ሲያልፍ እኔ ብሆን ወደ መግዛቱ አዘነብላለሁ።

እዚህ ላይ የኛ አገር ሁኔታ ሚዛኑን ወደ ጥገና ገፍቶታል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲመራ ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ተሻገረ። ሌንስ የሚገዛው በዶላር ነው፤ የጠጋኙ እጅ የሚከፈለው በብር። ስለዚህ ከውጭ የወጡ መመሪያዎች «ጣለውና አዲስ ግዛ» የሚሉት ብዙ ብልሽት እዚህ ቢጠገን ያዋጣል፤ መለዋወጫው ከውጭ የሚመጣ ካልሆነ በስተቀር።

በሌላ በኩል ካኖን ኢኦኤስ አርን፣ ኒኮንም የዜድ ካሜራዎቹን እ.ኤ.አ. በ2018 ካወጡ ወዲህ ብዙ ባለሙያ ወደ ሚረርለስ እየተሻገረ የቀድሞ ሌንሱን ይሸጣል። ያገለገለ የዲኤስኤልአር ሌንስ በርካሽ የሚገኘው ለዚህ ነው። እርስዎም ለመሻገር እያሰቡ ከሆነ በአሮጌው ሌንስ ላይ ብዙ አያፍስሱ። ባሉበት ለመቆየት ከወሰኑ ግን ጊዜው የገዢ ነው።

ጊዜም በሒሳቡ ይግባ። ብልሽቱ የደረሰው በጥር ከሆነ፣ ሠርጉ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ተደራርቦ ባለበት፣ ሌንሱ ጠጋኝ ቤት የሚቀመጥበት እያንዳንዱ ቅዳሜና እሑድ የሚያመልጥ ገቢ ነው። ያኔ ሌንስ ተከራይተው ሥራውን ይጨርሱና ጥገናውን ለጾሙ ያቆዩት። በጭንቀት መሐል የተገዛ ሌንስ ብዙ ጊዜ ውድ ሆኖ ይገኛል።

ጠጋኝ ጋ ሲሄዱ

ከማስረከብዎ በፊት የሌንሱን መለያ ቁጥርና የመስታወቱን ሁኔታ በስልክዎ ያንሱ፤ የግድግዳውን ፎቶም ይዘው ይሂዱ። «አልሠራ አለ» ከማለት «ክፍት ሲሆን ይሠራል፣ ኤፍ 8 ላይ ኤረር 01 ያሳያል» ማለት የጠጋኙን የግማሽ ቀን ሥራ ይቀንሳል፤ ስለ ነገሩ እንደሚያውቁም ጠጋኙ ይረዳል። ለምርመራ ብቻ ስንት እንደሚያስከፍል፣ መለዋወጫው አዲስ ይሁን ከሌላ ሌንስ የተፈታ፣ ለምን ያህል ጊዜ ዋስትና እንደሚሰጥ አስቀድመው ይስማሙ። ከሌላ ሌንስ የተፈታ መለዋወጫ ነውር የለበትም፤ ለቆዩ ሌንሶች አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ምንጭ የለም። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ እንዲመልስልዎ ይጠይቁ።

የብሎኖቹን ጭንቅላት ይመልከቱ። የጃፓን ሌንሶች መስቀል ብሎኖች ከተለመደው ካቻቢቴ ጋር በደንብ አይገጥሙም፤ ጭንቅላታቸው ተበልቶ ካዩ ከዚህ በፊት ያልተገባ መሣሪያ የያዘ ሰው ከፍቶታል። በዚሁ ምክንያት ቤት ውስጥ ለመፍታት አይሞክሩ፤ ያውም ከስር ያለው ስስ ገመድ መጀመሪያ ሲከፈት ነው የሚበጠሰው።

ወደ ዱባይ ወይም ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ዘመድ ካለ ሌንሱን መላክ ይቻላል፤ ለውድ ሌንስ ብቻ። ከመላክዎ በፊት አምራቹ ያንን ሞዴል አሁንም የሚጠግን መሆኑን ያረጋግጡ፤ ምርቱ ከቆመ ዓመታት ያለፉት ሌንስ መለዋወጫው ያልቃል። ኒኮን በአሜሪካ ከነጻ ጠጋኞች ጋር የነበረውን የጥገና ውክልና እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2020 ስላቋረጠ፣ እዚያም ቢሆን በየሰፈሩ ያለ ጠጋኝ ሁሉ የፋብሪካ መለዋወጫ አያገኝም።

አዲስ ከገዙ በኋላ

የተበላሸውን ሌንስ ሲሸጡ ብልሽቱን በግልጽ ይናገሩ፤ ጠጋኞች ለመለዋወጫ ይፈልጉታል፣ የሚገዙትም አውቀው ነው። የማያወጣ ኪት ሌንስ ከሆነ ግን አይጣሉት። ፊልተር በሚገጠምበት ጥርስ ላይ የሚገባ የመገልበጫ ቀለበት ገዝተው ሌንሱን ፊቱን ወደ ካሜራው አዙረው ቢገጥሙት የነፍሳትና የአበባ ማንሻ ማክሮ ይሆናል። ተገልብጦ ሲገጠም ከካሜራው ጋር የኤሌክትሪክ ግንኙነት ስለሌለው የሞተ አውቶፎከስ ወይም የተበጠሰ ገመድ ለውጥ አያመጣም፤ እርስዎ ወደፊትና ወደኋላ እየተንቀሳቀሱ ያተኩራሉ። የፊት መስታወቱ የተጫረ ሌንስ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ሲገለበጥ ያ መስታወት ወደ ሴንሰሩ ይዞራል።